ቤቶች!

ከፎገራ ወዲህ፣ እምቦጭ ሳነሣ ውዬ፣
ዓይኔ አረንጓዴ ለብሶ፣ ትከሻዬን ጥዬ፣
ነዳጁ ሩብ ሲቀር ባሕር ዳርን አየሁ፤
ልቤ ቀድሞኝ ወረደ፣ እኔ ከላይ ቆየሁ።

ድካም በጆሮዬ፦
«አስፋልቱ ያውልህ፣ ፊት ለፊት ተጋድሟል፤
በቀጥታ ግባ! ዙሪያ ጥምጥም ማን ይላል?»

ሻምበል አያናው ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣
ማዳመጫዬ ሥር ግን አልፈረሰም ቤቱ፦

«አንተ ልጅ!
ሰው ቤት ስትደርስ ዘለህ ጓዳ ነው የምትገባ?
ደጅ ላይ ቆም ትላለህ። ጉሮሮህን ትጠርጋለህ።
‹ቤቶች!› ትላለህ።
ውሻው ታስሮ እንደሆን፣ እንግዳ ተቀምጦ እንደሆን፣
ልቅሶ ይሁን ሠርግ፣ ታያለህ።
ያንን አይተህ ነው ጫማህን የምታወልቅ።
አየር ማረፊያም ቤት ነው፤
ሰማይ በር የለውም ብለህ
በመስኮት አትዝለቅ።»

ሬዲዮኑን ነካሁ፦
«ባሕር ዳር ታወር፣ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሐይቁ ላይ፣
አንድ ነፍስ፣ አንድ ካሜራ፣
ስምንት ሺህ ጫማ፣ ለማረፍ።»

ጥሩዓለም መለሰች፣ እንደ ሁልጊዜው እንቅልፍ ባረበበት ድምፅ፦
«ነፋሱ ከሐይቁ ነው። ዙሩ በግራ።
የጎንደሩ ገና አልተነሣም። ሌላ የማውቀው የለም።»

«የማውቀው» አለች። ልብ በሉ።
«ሌላ የለም» አላለችም።
ሻምበል ለዚህ ቃል ጣት ያነሣ ነበር፦
«ታወር የሚያየው፣ ታወር የሚያየውን ነው፤
ቀሪው ያንተ ዓይን ዕዳ።»

ስለዚህ አልወረድኩም።
በሜዳው አናት ላይ ከፍ ብዬ መጣሁ፣
ክንፌን ዘንበል አድርጌ በአጥር ላይ አሻግሬ አየሁ።
ያ ቀይና ነጭ የነፋስ እጅጌ
ወደ መሸንቲ ይጠቁማል።
በዓባይ መውጫ በኩል ፔሊካኖች ሽቅብ ይዞራሉ፣
ሁሉም ወደ አንድ ጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ፤
ፈቃድ የሰጣቸው የለም፣ ፈተና የወደቀም።

ከዚያ፣ በውኃው ላይ፣ አንድ ጥላ።
ታንኳ መሰለኝ፤ ታንኳ ግን እንዲህ አይሮጥም።
ከጥላው ተነሥቼ ባለቤቱን ብፈልግ፦
ቢጫ፣ አሮጌ፣ የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ፣
ዝቅ ብሎ፣ ሐይቁን በቀኙ ይዞ፣
አንደበቱ ተዘግቶ
ወደ ማረፊያው የሚያዘግም።

በቀጥታ ገብቼ ቢሆን፣
እኔ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ፣ በአንድ አስፋልት ላይ፣ ፊት ለፊት፣
ሁለት ጥላ አንድ ሲሆን...
ይህን ሐሳብ ያን ቀን አልጨረስኩትም።
ዛሬም አልጨረስኩትም።

«ጥሩዓለም፣ ቢጫ አለ፣ በዙሩ ላይ፣ ዝም ያለ።»
እንቅልፉ ከድምፅዋ ረገፈ፦
«አየሁት! ተከተለው!»
አረንጓዴ መብራትም ከመስኮቷ አበራችለት።

በሙት ወገን ወረድኩ (ሙት ወገን ይሉታል፣
ማንም የማይዞርበትን፣ የከተማውን በኩል)
ሺህ ጫማ፣ በዝግታ፣
አስፋልቱን በማዶ ጫፉ ላይ ተሻገርኩ፣
ወደ ግራ ታጠፍኩ፣
ከቢጫው ኋላ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ተራ፣
ስልቻዬን አቅፌ ቆምኩ።

እሱ ታጠፈ፣ እኔ ጠበቅሁ።
እሱ ነካ፣ እኔ ታጠፍኩ።
እሱ አስፋልቱን ለቀቀ፣ እኔ ነካሁ።

ከጎማው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፤
ስሙ ዘገየ (ስም ያወጣለት ይስጠው)፣
የሬዲዮኑን ሽቦ እንደ በግ አንጀት
በመዳፉ ላይ ጠቅልሎ።
«አየኸኝ?» አለኝ።
«መጀመሪያ ጥላህን።»
ሽቦውን መሬት አስቀመጠ።
«እኔ ግን አላየሁህም» አለ፣
ሁለታችንም ቀና ብለን
የመጣንበትን ስናይ፣ ባዶ ነው፤
ፔሊካኖቹ እንኳ ወርደዋል።